ትከሻና መንኮራኩር

በጎሮ አካባቢ የወጣቶች ጉባኤ የሚካፈል ሰው ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። ከውጭ የመጣ እንግዳ በእንግሊዝኛ ይሰብካል፤ ከጎኑ ማይክ የያዘ ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል። ሰባኪው ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይከተላል፣ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ እንግዳው ሳያስበው የአገሩን ፈሊጥ ይወረውራል። «ሌሎች የሠሩትን ተጠቀሙ፣ ከዜሮ ለመጀመር አትድከሙ» ለማለት ፈልጎ «መንኮራኩርን እንደገና መፈልሰፍ አያስፈልግም» ይላል። አስተርጓሚው ለሁለት ሰከንድ ዝም ይላል። «መንኮራኩር» ካለ ግማሹ ጉባኤ ወደ ጠፈር ይመጥቃል፤ ለዛሬ ወጣት መንኮራኩር ማለት ጨረቃ ላይ የሚያርፈው ነገር ነውና። «ጎማ» ካለ ደግሞ ሰው መንገድ ዳር ያለውን ጎሚስታ ያስባል። ጎበዝ አስተርጓሚ ፈሊጡን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ይናገርና ያልፋል።

ያቺ የሁለት ሰከንድ ዝምታ የአስተርጓሚው ድክመት አይደለችም፤ የአማርኛም ድህነት አይደለችም። የራሷ ታሪክ አላት። ታሪኩ በከፊል ስለ መንገድ ነው፣ በከፊል ስለ ወፍጮና ስለ እንዝርት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ስለ ሠሩ ጥቂት ሰዎች፣ መድፉንም በትከሻቸው ተራራ ስላወጡ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ እንግሊዝኛው። ይህ ቋንቋ በመንኮራኩር ፈሊጥ የታጨቀ ነው። ጠንክሮ ለመሥራት የተነሣ ሰው «ትከሻውን መንኮራኩሩ ላይ አደረገ» ይባላል። በሰዎች መካከል የማያስፈልግ ሆኖ የተገኘ «አምስተኛ መንኮራኩር» ነው። የሌላውን ሥራ ያደናቀፈ «በመንኮራኩሩ ውስጥ እንጨት ከተተበት»። አቤቱታ የሚያበዛ ሰው ቶሎ ይሰማል ለማለት «የሚጮኸው መንኮራኩር ቅባት ያገኛል»። ጥረት ብቻ ሆኖ ውጤት ሲጠፋ፣ ጭቃ ውስጥ እንደ ገባ መኪና፣ «መንኮራኩሩን በከንቱ ያሽከረክራል»። ከሚታየው ነገር ጀርባ የተወሳሰበ ድብቅ አሠራር ሲኖር ደግሞ «በመንኮራኩር ውስጥ መንኮራኩር አለ» ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን ከየት እንዳመጡት የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ወዲያው ያውቃል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የትከሻው ፈሊጥ የኤዞፕ ናቸው ከሚባሉት ጥንታዊ ተረቶች ከአንዱ ጋር የተያያዘ ነው። ሠረገላው ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበት አንድ ነጂ ተቀምጦ ወደ ሄርኩለስ ይጮኻል። ሄርኩለስም መጥቶ፣ መጀመሪያ አንተ ራስህ ትከሻህን መንኮራኩሩ ላይ አድርገህ ግፋ፣ ከዚያ ጥራኝ ይለዋል። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የሚመስለን «እግዚአብሔር ራሳቸውን የሚረዱትን ይረዳል» የሚለው አባባል በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የለም። ዘመዱ ይህ የግሪኮች ተረት ነው።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ፈሊጥ ያገኙት ከመኪና አይደለም። መኪና ሳይመጣ በፊት ኑሯቸው ሁሉ በክብ ነገር ላይ ይዞር ነበር። እህላቸውን የሚፈጨው በውሃ ወይም በነፋስ የሚሽከረከር ወፍጮ ነው። ክራቸውን የምትፈትለው ሴት የምትፈትለው በመዘውር ነው። ሸክላ ሠሪያቸው ጭቃውን የሚቀርጸው በሚሽከረከር ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ነው። ገበሬው ድርቆሹን የሚያመጣው በሠረገላ ነው፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ያው ሠረገላ ጭቃ ውስጥ ይገባና ሰው ይጠራል። ሰው የሚናገረው እጁ በነካው ነገር ነው።

አሁን የእኛን ቤት እንይ። እናቶቻችን ጥጥ የፈተሉት በእንዝርት ነው፤ እንዝርት በጣት ትሾራለች እንጂ መዘውር የላትም። እህል የፈጩት በድንጋይ ወፍጮ ነው፤ መጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ አይዞርም፣ የሚንቀሳቀሰው የፈጪዋ ወገብ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን በእጃቸው እያበጁ ያነሡታል እንጂ በሚሽከረከር ገበታ ላይ አይሠሩትም። በኅብረት ዝማሬዎቻችን «አንተ ሸክላ ሠሪ፣ እኔ ጭቃ» ማለት እንወዳለን። ወደ ኤርምያስ 18 ሄዳችሁ ብታነቡ ግን የነቢዩ ሸክላ ሠሪ በመንኮራኩር ላይ የሚሠራ ነው። በአእምሯችን የምንስላት የአገራችን ሸክላ ሠሪና ኤርምያስ ወርዶ ያየው ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያ የላቸውም። ለስብከቱ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ እንጃ፤ ለፈሊጡ ግን ያመጣል።

መንገዱም እንዲሁ ነው። በሰሜኑ ደጋ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ሺህ ሜትር ወርዶ አንድ ሺህ ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ መንገዱን ይዘጋል። በዚህ ምድር ላይ ብልህ ሰው ሠረገላ አይሠራም፤ በቅሎ ያረባል። ስለዚህ የአማርኛ ምሳሌ በበቅሎ፣ በአህያ፣ በበሬ፣ በቀንበርና በሸክም የተሞላ ሆነ። መተባበርን ለመግለጽ እንግሊዛዊው የተቀረቀረ ሠረገላ ሲያስብ የእኛ ሰው ሎሚ አሰበ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። የሚጮኸው መንኮራኩር ቅባት ያገኛል ለሚለው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለን። የእንግሊዙ ቅባት ብቻ ያገኛል፤ የእኛው ሹመት! ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እንቁላሉ ነው። በዓለም ላይ ለመንከባለል እንደ እንቁላል የተመቸ ነገር ጥቂት ነው። የእኛ ምሳሌ ግን እንቁላሉን አላንከባለለውም። ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል አለ።

መንኮራኩር የሚለው ቃል ግን ነበረ። ግዕዝ ነው፤ «አንኰርኰረ»፣ አንከባለለ ከሚለው ግሥ ወጣ። ቃሉ የቆየው በመጽሐፍ ውስጥ ነው፦ በቀይ ባሕር በፈርዖን ሠረገሎች ላይ፣ በመሳፍንት 5 የሲሣራ እናት በመስኮት ሆና በምትጠብቀው ድምፅ ላይ፣ በሕዝቅኤል ራእይ ላይ። በሥዕልና በገድልም ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሠቃየበት መሣሪያ መንኮራኩር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የድሮ የደጋ ተማሪ መንኮራኩርን በመንገድ ላይ ሳያይ በመጽሐፍ ያውቀው ነበር። መጀመሪያ ያገኘው መንኮራኩር ዓይን የሞላበት፣ ከኪሩቤል ጋር ከምድር ከፍ የሚል ነበር። ዕቃ የጫነ መንኮራኩር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዕቃ ጫኞቹ ሁሉ ስሙ የገነነውን ለማየት ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት መሄድ አለብን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት ነበሩ። ጎባት በወጣትነታቸው ጎንደርና ትግራይ ወንጌላዊ ሆነው ያገለገሉ፣ አገሩን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባዜል አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ኮረብታ ላይ ደግሞ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር እ.ኤ.አ. በ1840 የመሠረተው የሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር። የሚያሠለጥነው ቄሶችን ሳይሆን የእጅ ሙያ ያላቸውን ምእመናን ነው፤ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ በአንድ እጁ መሣሪያ በሌላው መጽሐፍ የያዘ ሰው። የጎባት ሐሳብ እነዚህን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ነበር፤ በሙያቸው እንጀራቸውን ይበላሉ፣ በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ያከፋፍላሉ፣ ያስተምራሉ። በእጃቸው የያዙት አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው፣ በሎንዶን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ዮሐን ማርቲን ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን መጡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሏቸው። የወደዱት ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ነበር። ቴዎድሮስ መንገድ ይፈልጋሉ፣ መሣሪያ ይፈልጋሉ፣ አገሪቱን አንድ የሚያደርግ ኃይል ይፈልጋሉ። ጋፋት የእጅ ጥበብ መንደር ሆነች። ወጣቶች ሙያ ይማሩባት ነበር፤ መንገድ ተሠራ፣ ሠረገላ ተሠራ። ከዚያ ንጉሡ መድፍ ጠየቁ። ሰዎቹ ይህን ሥራ አናውቅም አሉ። ንጉሡ ሞክሩ አሉ፤ ቴዎድሮስን እምቢ ማለት ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሞከሩ፣ አልሆነም፤ እንደገና ሞከሩ፣ ሆነ። ከአንዱ መድፍ ቀጥሎ የሚበልጥ ሌላ ተጠየቀ። መጨረሻ ላይ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያለው ትልቁ ሞርታር ተፈሰሰ፤ በክራይሚያው ጦርነት ዝነኛ በሆነው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሊያገለግሉ መጥተው የጦር መሣሪያ አንጥረኞች ሆኑ። በዘመናቸውም በአውሮፓ ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። እኔ በቀላሉ ልፈርድባቸው አልችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች ሚስዮናውያን በሰንሰለት ታስረው ነበርና፣ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል በዓይናቸው ያዩ ነበር። በሌላ በኩል ግን ነገሩ በአንድ ቀን እንዳልሆነ ልብ በሉ። መጀመሪያ መንገድ ነው፤ መንገድ ምን ክፋት አለው? ከዚያ ሠረገላ ነው። ከዚያ ሠረገላው ላይ የሚጫነው ነገር።

መስከረም 1860 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ትተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። የእንግሊዝ ጦር እስረኞቹን ሊያስፈታ በባሕር እየመጣ ነው። ንጉሡ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ ላይ ጭነው ሊያደርሱ ቆረጡ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ መሄድ ነበረባቸው። በበጌምድር ዳገት፣ በዋድላ ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ጅዳ ሸለቆ ቁልቁል፣ ወደ ደላንታ ሽቅብ፣ እንደገና ወደ በሽሎ ቁልቁል። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በእስር የነበሩ አውሮፓውያን እንደ መሰከሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከንጋት ጀምሮ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ገደል ተንዶ፣ ቋጥኝ ተፈንቅሎ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ወጣ። በኋላ በዚያው ያለፉት የእንግሊዝ መኮንኖች ሥራውን አይተው ማድነቃቸውን ጽፈዋል።

መንኮራኩሮቹን ያንቀሳቀሰው የሰው ጉልበት ነው። ሴባስቶፖልን ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር፤ ዳገት ሲሆን ከኋላ ይገፋሉ፣ ቁልቁለት ሲሆን እንዳይንደረደር ወደ ኋላ ይይዛሉ። እንግሊዛዊው «ትከሻህን መንኮራኩሩ ላይ አድርግ» ሲል ምሳሌ ይናገራል። በጅዳ ገደል ላይ ግን ምሳሌ አልነበረም። ትከሻ ትከሻ ነው፣ መንኮራኩር መንኮራኩር ነው፣ ገመዱ ሲላላ ከስር ያለው ሰው ይጠፋል። የጋፋት ባለሙያዎች ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የቴዎድሮስም፣ የጄኔራል ናፒየርም ስም እንዲሁ። ከእነዚያ ጎታቾች አንድ እንኳ ስሙ የተጻፈለትን አላነበብኩም።

የሚገርመው የእንግሊዞቹ ነገር ነው። የመንኮራኩር ፈሊጥ ባለቤቶች፣ የባቡር ሐዲድ ፈልሳፊዎች፣ ዙላ ወደብ ላይ ሲወርዱ ወዲያው አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ ከሜዳው ጫፍ አላለፈም። ከዚያ በኋላ ከባድ መድፎቻቸውን ተራራ ያወጡላቸው ከህንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ናቸው። ስንቁን ደግሞ በቅሎ፣ ግመልና አህያ ተሸከመው። በኢትዮጵያ ተራራ ላይ ሠረገላ የጎተተው ኢትዮጵያዊው ንጉሥ ነው፤ እንግሊዙ በእግር ሄደ።

መጨረሻውን ሁላችንም እናውቃለን። በእሮጌ ጦርነት ቀን ከፋላ ኮረብታ የተተኮሱት መድፎች የእንግሊዝን ጦር አላቆሙም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ከክብደቱ የተነሣ ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው። አምሳያው ግን አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ከጎሮ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ሊያየው ይችላል።

ስለ ቫልድማየር አንድ ነገር ልጨምር። ከመቅደላ በኋላ ከሌሎቹ ጋር አገሩን ለቅቆ ወጣ፤ ሚስቱ የቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ ነበረች፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት። ወደ ሊባኖስ ሄደ። እዚያ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በኋላም ቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ በሚባል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ያን ጊዜ የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ይታሰር በነበረበት አገር ማለት ነው። ወደ ኩዌከሮችም ማኅበር ገባ። ኩዌከሮች ጦርነትንና የጦር መሣሪያን ፈጽመው የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ጋፋት ላይ መድፍ ያፈሰሰው እጅ መጨረሻ ላይ ያረፈው እዚያ ነው።

ከመቅደላ በኋላ መንኮራኩር ለመመለስ ጊዜ ወሰደ፤ ሲመጣ ግን በብዙ በር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ለዐፄ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ መዳመጫ አመጣ፤ ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሡም ተሳፈሩበት። ጋሪም መጣ፤ ስሙ የህንዶቹ ነው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም መኪናን «ጋሪ» ይላሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን ጦሩን ለማጓጓዝ መንገድ ሠራ፣ ካሚዮን አስገባ፤ ከነጻነት በኋላም የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ነበሩ። ወረራው አልፎ ቃሉ ቀረ። ዛሬ ጎሮ ላይ ጎማ የፈነዳበት የሚኒባስ ሾፌር ጎሚስታ ጋ ሲቆም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ እስኮርታ፣ ካቻቪቴ፣ ባሌስትራ እያለ የሚናገረው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ማንም ግን የባዕድ ቋንቋ እያወራ እንደሆነ አይሰማውም።

የጥንቱ መንኮራኩር ለዚህ ሥራ አልተጠራም። መኪናው «ጎማ» ሲያገኝ መንኮራኩር በመጽሐፉ ውስጥ ቀረ። ከዚያ የጠፈር ዘመን ሲመጣ፣ ሰው ወደ ጨረቃ ሲሄድ፣ ቃሉ ተጠርቶ ወጣና የጠፈር መንኮራኩር ሆነ። ክብ እግር የሌለው፣ መሬት የማይነካ ነገር መንኮራኩር ተባለ! ስሙን ያወጡት ሰዎች ከሕዝቅኤል ምዕራፍ አንድ የራቁ አይመስሉኝም፤ እዚያ መንኮራኩሮቹ ሕያዋን ፍጥረታቱ ሲነሡ አብረው ከምድር ይነሣሉ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ከአንድ ራእይ፣ ከአንድ ምዕራፍ፣ እንግሊዝኛ «መንኮራኩር በመንኮራኩር ውስጥ» የሚለውን ወስዶ የድብቅ ሴራ ስም አደረገው፤ አማርኛ ደግሞ ያንኑ መንኮራኩር ወስዶ አበረረው። የትኛው ለነቢዩ እንደሚቀርብ እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ለአማርኛው አደላለሁ።

በሌላ ቦታ ደግሞ ተርጓሚዎቻችን መንኮራኩሩን ትተውታል። ያዕቆብ 3፥6 ስለ ምላስ እሳትነት ሲናገር በግሪኩ ያለው ቃል መንኮራኩር ማለትም ይሆናል። የአማርኛው መጽሐፍ «ሩጫ» አለው። ከላይ ያየነው አስተርጓሚ በጉባኤ የሚያደርገውን በትክክል አደረጉ፤ የሚሽከረከረውን አንሥተው የሚሮጥ እግር ተኩ።

አንድ ፈሊጥ ግን ሳይተረጎም አልቀረም፣ መጥቶም ብዙ ሰው አስጨንቋል። ማርክስና ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1848 በጻፉት ማኒፌስቶ ውስጥ የታሪክን መንኮራኩር ወደ ኋላ ሊመልሱ ስለሚሹ ሰዎች ይናገራሉ። በአብዮቱ ዘመን «የታሪክ መንኮራኩር» የአማርኛ ጋዜጣና የስብሰባ ቋንቋ ሆነ። መንኮራኩሩ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያልሄደ አድኃሪ ነው፤ በመንገዱ የቆመ ይደፈጠጣል። ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ያስታውሱታል። በዚያ ንግግር ዘመን በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ፤ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ሠረገላውን ማን እንደሚነዳው ሳይነገር መንኮራኩሩ ራሱ ይዞራል የሚል ንግግር ሁልጊዜ ይከብደኛል። በጅዳ ገደል ላይ እንኳ ራሱ የዞረ መንኮራኩር አልነበረም።

ከተራው ሰው አፍ የወጡት የአማርኛ የጎማ ፈሊጦች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ይጫወታሉ። ወደ ጎንና ወደ ጎን ሳያይ አንድ ነገር ብቻ የሚያስብ ሰው የጋሪ ፈረስ ነው። አልመለስ ያለ «ፍሬን በጠሰ»። ሲኩራራ ቆይቶ የተዋረደ «ተነፈሰ»፣ እንደ ጎማ። የመኪናው መሪ ደግሞ በአማርኛ ያው «መሪ» ነው፤ እንግሊዞች ኃላፊነቱን ችላ ያለውን «መንኮራኩሩ ላይ ተኛ» ሲሉ እኛ «መሪው ላይ ተኛ» ብንል የትኛው መሪ እንደ ተኛ ማብራራት አያስፈልገንም። ስለ አምስተኛው መንኮራኩር ግን ከእንግሊዞቹ ጋር አልስማማም። በረሃ ላይ እስኮርታ ይዞ ያልወጣ ሾፌር አምስተኛ ጎማ ትርፍ እንዳልሆነ ይነግራችኋል። በጎሮ የሚያልፉት ትልልቅ ተሳቢዎችም ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያዙበት ክብ ብረት በእንግሊዝኛ ስሙ «አምስተኛ መንኮራኩር» ነው፤ ጭነቱን ሁሉ የያዘው እርሱ ነው።

ከአማርኛው የመኪና ፈሊጦች ሁሉ እጅግ የራቀው ግን በአንድ ሰው እግር የሄደው ነው። ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ5,000 ሜትር ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀረች፤ እርሱም ቀረ። ሞስኮ ላይ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ከብዙ ተወዳዳሪዎቹ በዕድሜ የገፋ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ቁመቱ አጭር ሰው ሆኖ ተሰለፈ። በመጨረሻው ዙር ከቡድኑ ውስጥ ድንገት ወጣ፤ ሌሎቹ እግራቸው እንደ ታሰረ ሆኑ። 10,000 ሜትሩን አሸነፈ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ 5,000 ሜትሩንም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በስሙ ቤት እየመቱ «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት። በሬዲዮ ያዳመጡት አባቶቻችን ደግሞ መሪ፣ ሞተር፣ ጎማ የሌለውን ሰው በጋራዥ ቋንቋ ጠሩት፦ ማርሽ ቀያሪው።